የታሸገው ኮምፒዩተር

እናትየዋ የአማቿን ቦርሳ ከወንበሩ ላይ አንስታ መዘነችው። ሌላ ምንም አላደረገችም፤ አልከፈተችውም፣ ኪሱንም አልዳበሰችም። የዳቦ ፍርፋሪ ስትጠርግ ቦርሳው እንቅፋት የሆነባት አስመስላ በግራ እጇ ብድግ አደረገችው፣ ትንሽ አንጠልጥላ አቆየችው፣ ከዚያም ጥግ አስይዛው መጥረጓን ቀጠለች። ይህች ሴት ገበያ ወጥታ ሽንኩርት ስትገዛ የሻጩን ሚዛን አታምንም፤ ፌስታሉን ራሷ አንጠልጥላ ካላየች ሒሳብ አትከፍልም፤ እጇም አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳትም። አማቿ በዚያች ደቂቃ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ፊቱን እየታጠበ ነበር። ልጇ ግን የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ስለነበር ሁሉንም አይታለች። እናትና ልጅ ተያዩ። እናትየዋ አላፈረችም፤ ልጅቱም «ምን እያደረግሽ ነው?» አላለቻትም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ልጅቱ ራሷ «ከብዷል ወይስ ቀሏል?» ብላ ልትጠይቅ ጥያቄው አፏ ላይ ደርሶ መመለሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከትናንት ወዲያ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። የቤቱ የፊተኛ ክፍል ፊቱን ለመንገድ የሰጠ የልጅቱ ወንድም ፎቶ ቤት ነው፤ ከዚያ ሳሎኑ፣ ከሳሎኑ ጀርባ እናቷና ገና ያላገባው ወንድሟ የሚያድሩባቸው ክፍሎች፣ ከሁሉ በስተኋላ ደግሞ ግቢው ውስጥ እሷና ባሏ የሚኖሩባት አንዲት ክፍል አለች። ወንድሟ ፎቶ ያነሳል፣ ባሏ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ያስተካክላል፤ ብጉር ያጠፋል፣ የጨፈነ ዓይን ከሌላ ፎቶ አምጥቶ ይገልጣል፣ ሰርጉ ላይ ያልተገኘ አጎት ካለ ከቤተሰቡ መሃል ያቆመዋል። እሷ ደንበኛ ትቀበላለች፣ ጉርድ ፎቶ ትቆርጣለች፣ «ስድስት ለሚያነሳ ሁለት በነጻ» የሚለውን ወረቀት መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች። ፎቶ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ የተነሳው ሁሉ፣ ሰርጉም ምረቃውም የሟች ፎቶውም፣ የሚቀመጠው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ባሏ ኮምፒዩተሩን ሲያበራው ማሽኑ እንደወትሮው ተነሳ፣ ፕሮግራሞቹም ተከፈቱ፤ ትልቁ ዲስክ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ኮምፒዩተሩ እንዲህ የሚባል ዕቃ በሕይወቴ አላውቅም ያለ ይመስል ነበር።

ባሏ ገና «ቆይ ልየው» ከማለቱ ወንድሟ ከወንበሩ አስነሳው። ሁለቱንም ወደ ሳሎን አስወጥቶ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ ብቻውን ሳጥኑን ፈታ። ሲወጣ ላብ አጥምቆት ነበር። ዲስኩ በቦታው አለ፣ በብሎኑ እንደታሰረ ነው፣ ኮምፒዩተሩ ግን አያየውም አለ። ባሏ እፎይ ብሎ እንግዲያው አልጠፋም ሲል ወንድሟ የጎሪጥ አየው። ከዚያ ሰፊውን ቡናማ ፕላስተር አምጥቶ ሳጥኑን በቁመትም በወርድም ጠቀለለው፤ ፕላስተሩ በተገናኘበት ቦታ ሁሉ የጉርድ ፎቶ ፖስታ ላይ የሚመታውን የፎቶ ቤቱን ክብ ማህተም አሳረፈበት። ለመንገድ የተዘጋጀ ሻንጣ የመሰለውን ኮምፒዩተር ጠረጴዛው ስር ገፋ አድርጎ፣ ያለ እኔ ማንም እንዳይነካው ብሎ አስጠነቀቀ።

የዚያን ቀን ማምሻውን እሷ ከሳሎኑ ውሃ ልትቀዳ ገብታ ወንድሟ ከእናቱ ጋር ሲያወራ ሰማችው። ግድግዳው ስስ ነው፤ የዚህ ቤት ሰው ሁሉ እየተሰማማ ያልሰማ መምሰል ለምዷል። «ያ ዲስክ የእኛ አይደለም» ይላል ወንድሟ። «የእኛን አውጥቶ የሞተ ዲስክ ተክቶበታል። መልካቸው አንድ ነው፣ ማን ይለየዋል? ደንበኞቻችንን ይዞ ወጥቶ የራሱን ቤት ሊከፍት ነው። ለእህቴ ስል እስከ ረቡዕ እታገሳለሁ። ረቡዕ ማታ ዲስኩ ካልተመለሰ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለክታለሁ፤ እሱም ከዚህ ግቢ ይወጣል።» እናትየዋ የመለሰችው አልተሰማም። ልጅቱ በዚያን ጊዜ በሩን ገፍታ ገብታ ባሌ ሌባ አይደለም ማለት ነበረባት። አላለችም። ውሃዋን ይዛ ወጣች።

ያላለችበት ምክንያት ነበራት። ባሏ ካለፈው ወር ወዲህ ስልክ ሲደወልለት ወደ ግቢው ይወጣል። ተጠግታው እንደሆነ «መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ይዘጋል። ሁለት ቀን አምሽቶ መጥቶ አንዱን ቀን ትራንስፖርት አጣሁ፣ ሌላውን ቀን ጓደኛዬ ዘንድ ነበርኩ ብሏታል፤ የትኛው ጓደኛህ ብትለው አታውቂውም ብሏል። ባለፈው ዓመት ደግሞ፣ አንድ እሁድ ልብስ ሲያሰጡ፣ አንድ ቀን የራሳችንን እንከፍታለን ብሏት ነበር። ያን ቀን ደስ ብሏት ስቃ ነበር፤ አሁን ግን ያው ንግግር ሌላ መልክ ያዘባት። በሚስቱ እናት ግቢ ውስጥ የሚኖር ወንድ መሳቁም መቆዘሙም ይጻፍበታል፤ ሲስቅ ምን አገኘ ይባላል፣ ሲቆዝም ምን አስቦ ነው ይባላል። ይህን እያወቀች ነው እንግዲህ እሷም ከጠርጣሪዎቹ ጋር የተቀላቀለችው።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ባሏ ቁርሱን በልቶ፣ ቦርሳውን ከጥግ አንስቶ ወደ ፎቶ ቤቱ እንደገባ እናትየዋ ልጇን ወደ ጓዳ ጠራቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ክፍላችሁን አንድ ጊዜ እይው አለቻት። ወንድምሽ ፖሊስ ይዞ ገብቶ ልብሳችሁን ከሚበትነው አንቺ ብታይው ይሻላል፤ ከተገኘም ለእኔ ብቻ ንገሪኝ፣ ማንም ሳይሰማ ቦታው እመልሰዋለሁ፤ ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ ለእኔ ምን ይረባኛል። ልጅቱ ሆዷ ባባ። እናቷ በዚህ ሁሉ መሃል ለእሷ ማሰቧ ነው ያባባት። እሺ ብላ ወደ ኋላ ሄደች።

ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁምሳጥንና ሁለት ወንበር ይዛ የቀረው መተላለፊያ ብቻ ነው። ሰው የራሱን ቤት ሲፈትሽ ከየት እንደሚጀምር ይጠፋበታል፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ቦታ ራሷ ናት ያስያዘችው። የጃኬቱን ኪሶች አየች፣ የክረምት ጫማውን ገልብጣ አራገፈች፣ ፍራሹን አነሳች። የሽቦ ካርቶን የሚላት አለች፣ ባሏ እንዳትነካበት የሚለምናት፤ እሷን አልጋው ላይ ዘረገፈቻት። የተቆራረጠ ቻርጀር፣ እግሩ የተሰበረ የካሜራ መቆሚያ፣ የማይሠራ ማውስ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የመነጽር ሌንስ ወጣ። ዲስክ የለም። ሁሉንም እንደነበረ መልሳ፣ አልጋውን አንጥፋ ስትጨርስ የሚሰማት እፎይታ መስሏት ነበር። የተሰማት ግን ሌላ ነው። ብልህ ሰው የሰረቀውን ቤቱ አያስቀምጥም ብላ አሰበች፤ ጓደኛው ዘንድ ነበርኩ ያለውን ቀን አስታወሰች። ወጥታ ለእናቷ ምንም የለም አለቻት። «ምንም?» አለች እናቷ። ምንም አለች። እናትየዋ ረዘም ላለ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻት፤ ከዚያም ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ወንዶች ጀርባና ጀርባ ሆነው ነው ያረፈዱት። ወንድሟ ከጎረቤት ጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ ተውሶ ጉርድ ፎቶ ያትማል፤ ባሏ ኮምፒዩተሩ ወዳለበት ጠረጴዛ እንዳይጠጋ ተከልክሎ መቁረጫው ላይ ቆሟል። ወንድሟ አንዱን ካተመ በኋላ ወደ ኋላው ሳይዞር እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ይሰጠዋል፤ ባሏ ተቀብሎ ይቆርጣል፤ ለእሷ ያቀብላታል፤ እሷ ፖስታ ውስጥ ትከታለች። እንዲህ እየተቀባበሉ ቃል ሳይለዋወጡ ደንበኛ ሸኙ። ወንድሟ በየመሃሉ ስልኩን አንስቶ አንድ ሰው ዘንድ ይደውላል። ጓደኛው ነው፤ ኮምፒዩተር የሚጠግን፣ መሃል ከተማ ሱቅ ያለው። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ባሏ ቁርጡን ጠይቆት ነበር፤ ጓደኛዎ ይምጣና ይይልን፣ እኔ አልነካውም ብሎ። ወንድሟ ሥራ በዝቶበታል ብሎ መለሰለትና፣ እንደገና ደወለ፣ አሁንም አልተነሳለትም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሙሉ ልብስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ባለፈው ወር ከባለቤታቸው ጋር ተነስተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው ታመው ሆስፒታል ስለተኙ ፎቶውን አሳድገው አልጋቸው አጠገብ ሊያስቀምጡላቸው ይፈልጋሉ። ወንድሟ ማሽኑ ጥገና ላይ ነው፣ አርብ ይምጡ አላቸው። ሰውየው ጠረጴዛው ስር ያለውን በፕላስተር የተጠቀለለ ሳጥን አዩና ወደ ውጭ አገር ልትልኩት ነው እንዴ ብለው ቀለዱ። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ሦስቱን በየተራ አይተው፣ አርብ እንግዲህ ብለው ወጡ። ባሏ ከኋላቸው በሩን እየተመለከተ ቆየ። ከዚያ መቁረጫውን ዘግቶ እጁን ጠረገ።

«ጋሼ» አለ፣ «ሳልከፍተው ልየው።»

ወንድሟ ሳትከፍተው ምኑን ታያለህ አለው። ባሏ አስረዳ። ኮምፒዩተር ከመነሳቱ በፊት የራሱ የሆነ ገጽ አለው፤ ባዮስ ይሉታል። ምን ምን እንደተሰካበት፣ የትኛውን መሰኪያ እንደከፈተ፣ የትኛውን እንደዘጋ እዚያ ይታያል። ሲበራ ቶሎ ቶሎ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ ብሎን አይፈታም፣ ማህተምዎም አይነካም። የተተከለው ዲስክ የሞተ ከሆነ እንኳ ለመሞቱ ፍንጭ የሚገኘው እዚያ ነው አለ። «የተተከለው» ሲል ድምፁ አልተቀየረም፤ እሷ ግን የሰኞ ማምሻውን ወሬ እሱም እንደሰማ ያን ጊዜ ገባት። ሁለት ቀን ሙሉ እያወቀ ወረቀት ሲቆርጥ ነበር።

ወንድሟ ፊቱ ተቀያየረ። ገብተህ ዱካህን ልታጠፋ ነው ወይ አለው፣ አሁን በግልጽ። ኢንጂነሩ እያለ እያሾፈ፣ አንድ ቁልፍ ተጭነህ የነበረውን ብትደመስሰው እኔ በምን አውቃለሁ ብሎ ጠየቀው። ጥያቄው ከንቱ አልነበረም፤ እሷም ይህንኑ እያሰበች ነበር። እናትየዋ በዚህ መሃል ከሳሎን ብቅ ብላ፣ ሁሉም እያየው ይሥራው፣ እንዲህ ከምንፋጠጥ አለች። ወንድሟ ጥቂት ካሰበ በኋላ የዚህ ቤት ሰው ብቻ ሊያመጣው የሚችለውን ሐሳብ አመጣ። ካሜራውን ከእነመቆሚያው አምጥቶ ሞኒተሩ ፊት ተከለው። እያንዳንዱ ገጽ፣ ባሏ ምንም ከመንካቱ በፊት፣ ፎቶ ይነሳል። ጽሑፉን ጮክ ብላ የምታነበው እህቱ ናት፤ እሱ አያነብም። ቁልፍ በማይጫንበት ጊዜ ሁለቱም እጆቹ ጀርባው ላይ ይሆናሉ። ባሏ በሁሉም ተስማማ። ፎቶ ቤቱን ከውስጥ ዘጉት። ወንድሟ ሳጥኑን ጎትቶ አውጥቶ ማህተሞቹን አንድ በአንድ መረመረ፣ በጥፍሩ ሳይቀር ፋቅ ፋቅ አደረጋቸው፤ አልተነኩም። ሽቦዎቹን ሰካ።

ባሏ አብርቶ ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ፤ በተለመደው ገጽ ፋንታ ግራጫ ገጽ ወጣ፣ ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ የሞላበት። እጆቹን ጀርባው ላይ አጣምሮ ቆመ። ወንድሟ ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን እንደሚያደርገው ትንፋሹን ይዞ አነሳ። ቀጥል አለ። ባሏ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቀጣዩን ገጽ አመጣ፤ እጁ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ካሜራው ጠቅ አለ። ትዳሯ እየተመዘነ ያለው እዚህ ሞኒተር ላይ መሆኑን ባታውቅ ኖሮ በሳቅ ትፈነዳ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ዝርዝሩ መጣ። ጣቷን መስታወቱ ላይ እያስኬደች አነበበች። አንደኛው መሰኪያ ላይ ኮምፒዩተሩ የሚነሳበት ዲስክ አለ፤ ስሙና ቁጥሩ ተጽፏል። ሁለተኛው ባዶ ነው ይላል፣ ሦስተኛውም ባዶ። አራተኛው ግን ባዶ አይልም። ዝግ ነው ይላል።

ባሏ አራተኛው ነው ትልቁ ዲስክ የተሰካበት አለ። ባዶ ቢል ኖሮ በሩን አንኳኩቼ መልስ አጣሁ ማለቱ ነበር፤ ያን ጊዜ ዲስኩ ሞቷል ብንል ያስኬዳል። ዝግ ካለ ግን ጭራሽ አላንኳኳም፤ ዲስኩ ይሙት ይዳን ማሽኑ አያውቅም፣ እኛም አናውቅም። ወንድሟ ማን ዘጋው ታዲያ አለ፣ ቶሎ ብሎ። ባሏ አላውቅም አለና ገጹን ዝቅ አደረገው። ከታች አንድ መስመር ቀርታ ነበር። እሷ አነበበቻት፤ የማታውቀው የዲስክ ስምና ቁጥር ነው፣ የተሰካውም ከአራቱ አንዱ ላይ አይደለም፣ ሌላ ስም ያለው ቦታ ላይ ነው። ባሏ እንደገና እንድታነብለት ጠየቃት። እንደገና አነበበች። ከዚያ ፊቱን ከሞኒተሩ መለሰ። የሚያየው ወንድሟን ነበር። እሷም ዘወር አለች። ወንድሟ ካሜራው ላይ እንዳጎነበሰ ነው፤ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው፤ ድምፅ ግን የለም።

«ጋሼ» አለ ባሏ ቀስ ብሎ፣ «ይቺን አላነሷትም።»

ወንድሟ ቀና አለ፣ ባትሪው ደከመ መሰለኝ አለ፣ ካሜራውን አገላብጦ አየ። የካሜራው መብራት አረንጓዴ ነበር። ያን ጊዜ እሷ ነገሩ ፍንትው ብሎ ታያት። ሰኞ ጠዋት በሩን ከውስጥ ቆልፎ የፈታው ለምን እንደሆነ፣ ላቡ፣ ፕላስተሩ፣ ጓደኛው ስልክ የማያነሳበት ምክንያት። ባሏ ግን ያቺን ዲስክ ማን አስገባት ብሎ አልጠየቀም። ለማንም ሳይሆን ለሞኒተሩ የሚናገር በሚመስል ድምፅ አስረዳ። ጣት የምታህል ትንሽ ዲስክ ናት፣ ሳጥኑ ውስጥ ባለው ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ተጋድማ የምትሰካ። ይህ ማዘርቦርድ ለእሷና ለአራተኛው መሰኪያ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ምርጫው በራሱ እንዲወስን ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው፣ ትንሿ ከተሰካች ደግሞ ሁልጊዜ ለእሷ ያደላል። ለትልቁ መንገዱን መስጠት የፈለገ ሰው እዚህ ገብቶ በእጁ መምረጥ አለበት። አስገቢው ይህን ካላወቀ ትልቁ ዲስክ ጠፋ ብሎ መደንገጡ አይቀርም አለ። «አስገቢው» ብሎ ነው ያለፈው።

ምርጫው ያለበትን መስመር አገኘ፤ በራሱ ከሚለው ላይ አንስቶ አራተኛው ላይ አደረገው። ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጠየቀ። ወንድሟ አስቀምጠው አለ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደገና በራ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም አልተቀመጠም። ገጹ መጣ፣ ባሏ ትልቁ ዲስክ በሚኖርበት ቦታ ገባ፣ ዲስኩ እዚያው ቁጭ ብሏል። ከፈተው። በየዓመቱ የተከፋፈለው ፎቶ ሁሉ ተዘረገፈ፤ መጀመሪያ የወጣው አፉን ከፍቶ ኬክ ሲጎርስ የተነሳ፣ አጥፉልኝ ብሎ ለምኖ ያልጠፋለት ሙሽራ ነበር። የተተካም የሞተም ዲስክ አልነበረም። ወንድሟ እንኳን ተገኘ አለ። ቀጥሎም ማሽን ነው፣ ይሳሳታል አለ።

እሷ ባሏን አየችው። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች።

«አዎ፣ ማሽን ነው» አለ ባሏ።

ይቅርታ አልተጠየቀም። ወንድሟ ከመሳቢያው ቢላ አውጥቶ ፕላስተሩን ራሱ ቆራረጠው፣ ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው፣ ስልኩን ይዞ ወደ መንገድ ወጣ። ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንደማይሄድ ግልጽ ነበር፤ ባልየው ከግቢው ይውጣ አይውጣ ግን ማንም አላነሳም። ባሏ ሁለት ቀን ወደተከለከለው ወንበር ተመልሶ ተቀመጠና መጀመሪያ የሽማግሌውን ፎቶ ፈልጎ ማሳደግ ጀመረ። እሷ ዝም ማለት አቃታት። እናቷ ዲስኩ ሲከፈት አይታ ወደ ሳሎን ተመልሳ ነበር፤ ተከትላት ገባችና በሩን ዘጋች። እናቷ የታጠበ የጠረጴዛ ልብስ እያጠፈች ነው። ልጅቱ፣ እማዬ፣ ዲስኩን ማንም አልሰረቀውም፣ ጋሼ ራሱ ነው በድብቅ ሌላ ዲስክ አስገብቶ ያበላሸው፣ ባሌን ሁለት ቀን ሙሉ ሌባ ያደረገው በራሱ ጥፋት ነው አለቻት። እናቷ እንድትደነግጥ ጠበቀች። እናትየዋ የጨርቁን ጫፍ ከጫፍ ገጠመች።

«አውቃለሁ» አለች። «እሁድ እናንተ የሰርግ አልበም ልታደርሱ ስትወጡ ከጓደኛው ጋር ገብተው ነው የሰኩት። ፎቶውን ሁሉ ወደሷ ሊገለብጥ ነበር፤ ባልሽ ነገ ተነስቶ ቢሄድ እንዳንጎዳ። ሰኞ ትልቁ ሲጠፋበት፣ ባልሽ ነቅቶብን ቀደመን ብሎ ነው ያሰበው። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። ማሽኑ ይዘጋል ብሎ የነገረን የለም።»

ልጅቱ ለምን አልነገራችሁኝም አለች። እናትየዋ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አየቻት። ለባልሽ ትነግሪዋለሽ ብለን ነዋ አለቻት፤ በቁጣ አይደለም፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደማለት ነው ያለችው። ልጅቱ ጠዋት የተባለችውን አስታወሰች። ለአንቺ ብዬ ነው የተባለችውን።

«ታዲያ ክፍላችሁን እይው ያልሽኝ?»

«ብታገኚው ትነግሪን እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለች እናቷ። ያጠፈችውን ጨርቅ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። «ምንም የለም ስትይኝም አላመንኩሽም።»

እናትየዋ ሌላ ጨርቅ አንስታ አንዱን ጫፍ ለልጇ ዘረጋችላት፣ ዘወትር እንደሚያደርጉት አብረው እንዲያጥፉት። ልጅቱ አልያዘችውም። የሚጠረጥሩት ባሏን ብቻ መስሏት፣ እሷ ከቤቱ ሰዎች ወገን ሆና የምትፈልግ መስሏት ነበር፤ ለእነሱ ስትል ነበር የባሏን ጫማ ገልብጣ ያራገፈችው። አለቀሰች ማለት አይቻልም፤ ዓይኗ ግን ሞላ። በሩን ከፍታ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለሰች።

ባሏ የሽማግሌውን ፎቶ አትሞ እንዲደርቅ አስቀምጦ ነበር። አሁን ደግሞ የውጭ ዲስክ ሰክቶ የፎቶ ቤቱን ፎቶ ሁሉ እየገለበጠ ነው፤ እንደገና የሆነ ነገር ቢሆን ሁለተኛ ቅጂ እንዲኖር። ለወንድሟ ነው የሚሠራው፣ ማንም ሳያዘው። አጠገቡ ቆመች። ዛሬ ጠዋት ዕቃህን ፈትሻለሁ አለችው። አልዞረም። ምን ስትፈልጊ አላላትም፤ ማን አዞሽ ነው አላላትም።

«አገኘሽ?» አላት።

«አላገኘሁም።»

«ሳታገኚስ፣ አመንሽኝ?»

አዎ ማለት ትችል ነበር። የሚያረጋግጥባት ሰው አልነበረም። «አላመንኩህም» አለችው፣ በራሷ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ባሏ ራሱን ነቀነቀ። መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አነቃነቅ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ሁሉ የደላላ ነበር አላት፤ ቤት ሲፈልግ ነው የከረመው፣ አምሽቶ የመጣበት ሁለቱም ቀን ቤት ሊያይ ሄዶ ነው። አንዱ ጥሩ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ውሃ አለው፣ ኪራዩም ከደሞዙ አይዘልም፤ ከነገ ወዲያ መግባት ይቻላል። እሷ ይህን ሁሉ ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው።

«ለእናትሽ ትነግሪያታለሽ ብዬ» አላት።

መንገድ ላይ ወንድሟ ስልኩ ተነስቶለት ጓደኛውን ሲሳደብ በመስታወቱ ይታያል። ሳሎን ውስጥ እናቷ ብቻዋን ጨርቅ ታጥፋለች። እሷ የደንበኛ ወንበር ስባ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። በመጨረሻ መጠየቅ የምትፈራውን ጠየቀችው፤ ቤቱን ሲፈልግ የነበረው ለስንት ሰው እንደሆነ። ባሏ ዓይኑን ከሞኒተሩ አንስቶ አያት። ዛሬ ጠዋት ቢሆን ኖሮ ሳያስብ የሚመልሰው ጥያቄ እንደነበረ ሁለቱም ያውቃሉ። ዝም አለ። እሷም አልቸኮለችበትም፤ እንዲያስብበት መብት አለው። ለሁለት ነው አላት፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ።